አባቴ በአፍንጫው የሄደበት በጋ

ባለፈው ሳምንት ጎባ ገበያ ውስጥ አንዲት ልጅ ጦስኝ በሰፌድ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፣ በአጠገቧ ሳልፍ ሽታው ድንገት አፍንጫዬን መታኝና እግሬ ባለበት ቆመ። ሌላው ሰው ጦስኝ ሲሸተው ሻይ ያምረዋል፣ እኔ ግን እጄ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ዞር ብዬም የሚያየኝ ሰው መኖር አለመኖሩን አጣራለሁ። ልጅቷ «እማማ፣ ልስፈርልዎት?» ስትለኝ ዞሬ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቢያየኝስ ምን እንዳልሆን ነው? የለመደ ፍርሃት ግን ዘመኑ አልፏል ቢሉት አይሰማም፣ እኔም በልጅነቴ የገባብኝን ከነምክንያቱ ልጽፈው ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ወደ ባሌ የመጣነው ከሸዋ ነው። አባቴ ነፍጥ ይዞ ከጦሩ ጋር ቀድሞን ወጥቶ ነበር፣ አገሩ በእጅ ከገባ በኋላ ሰው ልኮ እናቴንና እኔን አስመጣን፣ እኛም በክረምት አጋማሽ፣ በቅሎዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ እየገባች፣ ጎባ ደረስን። የአባቴ ጓዶች ያኔ «አገር አቀናን» ይሉ ነበር፣ አገሩ ከዚያ በፊት ተጣምሞ እንደ ነበር የነገረኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ለአባቴ ከቶጎና ወንዝ ማዶ፣ ከድንጋያማው ተራራ ሥር፣ ማደሪያ መሬት ተሰጥቶት ነበር። ማደሪያ ማለት ነፍጥህን ተሸክመህ እስካገለገልክ ድረስ የምትበላበት፣ ማገልገል ያቃተህ ቀን ደግሞ ለሌላ ነፍጥ ያዥ የሚሰጥ መሬት ነው። ይህን ያወቅኩት ማንም አስተምሮኝ ሳይሆን፣ እናቴ አባቴ ባነጠሰ ቁጥር ፊቷ እንዴት እንደሚለዋወጥ እያየሁ ነው።

መሬቱን የሚያርሱት ኦቦ ቃሲም የሚባሉ፣ ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበሩ፣ እህሉን አምርተው ድርሻችንን ያስረክቡ ነበር፣ እንጨት ተሸክመው ያመጡ ነበር፣ አጥራችንንም ያጥሩ ነበር። እናቴም፣ አባቴም፣ እኔ ጥርሴን ያልጨረስኩት ልጅም ሳልቀር «አንተ» ነበር የምንላቸው። ዛሬ ስጽፍ ብዕሬ እሺ ስለማይለኝ እሳቸው እላለሁ፣ ያኔ ግን እንዲያ አልነበረም።

እናቴ ይመናሹ ፈሪ ነበረች ብል በሕይወት ብትኖር ትቆጣኝ ነበር፣ ስለዚህ ነገር ከመድረሱ በፊት የምትሰማ ሴት ነበረች ልበል። ጅቡ ሳይጮህ «ሰማችሁ?» ትለን ነበር። ያ የመጀመሪያው ክረምት ደግሞ እንደ እሷ ላለ ሰው የተፈጠረ አልነበረም፤ ጭጋጉ ከሳነቴ ተንከባሎ ይወርድና መጀመሪያ ድንጋዮቹን፣ ቀጥሎ ጥዶቹን፣ በመጨረሻም የገዛ አጥራችንን ይውጠው ነበር፣ ሰው ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ ሲል ማን እንደ ሆነ ሳይለይ እናቴ እኔን ወደ ቤት ትጎትተኝ ነበር። ቋንቋቸውን አንሰማም፣ እነሱም የእኛን አይሰሙም፣ በምን ዓይን እንደሚያዩን ግን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም ነበር።

መስከረም ሲጠባ ጭጋጉ ተነሣና ከቤታችን በላይ ያለው ድንጋያማ ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ታየኝ። ትልልቅ ቋጥኞች ቆመው፣ ተቀምጠው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው፣ በየስንጥቃቸው ደግሞ የማይበቅል ነገር አልነበረም። ቀጋው ነጭ አበባውን አፍስሶ፣ አምጃው ቢጫውን አንጠልጥሎ፣ ችቦ የመሰለ ቀይ አበባ ከረግረጉ ተመዞ ወጥቶ ነበር። ብርማ ቅጠል ያላት፣ አበባዋ ሲነኩት እንደ ገለባ የሚንኮሻኮሽ አንዲት ትንሽ ቁጥቋጦ ነበረች፣ ስሟን ዛሬም አላውቅም። ወደ ላይ ሲወጡ አስታው ሰው ያህል ቁመት ይዞ ይጠብቃል፣ ከእሱም በላይ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ጅባራው ብቻውን ይቆማል። እናቴ አደይ አበባ ፈልጋ አጣችና ለዐውደ ዓመት አምጃ ይዛ ገባች። ይልቅስ የደነገጠችው ጦስኙን፣ ጭቁኙንና መቅመቆውን ያየች ጊዜ ነበር፤ ተንበርክካ አሸተተቻቸው፣ ደግማም አሸተተቻቸው፣ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏት ያየኋት ያኔ ነበር። «የአገራችን ነው፣ ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም» አለችኝ። ይህ «ያው ነው» ያለችው ቃል ኋላ ቤታችንን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም።

ኮሶ መጠጣት ለእኛ ሰዎች እንደ ጾም የታወቀ ሥርዓት ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ ኮሶ ይታይበታል፣ የታየበትም በየሁለት ወሩ ይጠጣል፣ በጠጣበት ቀን በር ይዘጋል፣ እንግዳ አይገባም፣ አለቃ እንኳ ልኮ አያስጠራውም፣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሸዋ ሳለን እናቴ ኮሶውን ከገበያ ትገዛውና ከጣራው ሥር ታንጠለጥለዋለች፣ ጭስ ሲጠግብ ከርሞ፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ፣ ተራው ሲደርስ በእፍኟ ለክታ ትወቅጠዋለች። እናቷ ያስተማረቻት እፍኝ ነው፣ አባቴንም ከተጋቡ ጀምሮ በዚያው እፍኝ ስታሽረው ኖራለች።

ኅዳር ላይ ከድንጋዮቹ ግርጌ ያለው ትልቁ የኮሶ ዛፍ ቀይ አበባውን እንደ ፈረስ ጭራ አንዠርግጎ ቆመ። እናቴ ደጃፏ ላይ፣ ያለ ገበያ፣ ያለ ዋጋ፣ እንዲህ ያለ ኮሶ ማግኘቷን ማመን አቅቷት፣ «ትኩሱን ነው የምትጠጣው፣ ይህን የመሰለ ኮሶ ሸዋ ላይ ጌታም አያገኘው» እያለች በዚያው ሳምንት ለቅማ፣ ለይስሙላ ፀሐይ አስመትታ፣ በዚያችው እፍኟ ለክታ ወቀጠችው። የከረመ ኮሶ ጉልበቱን ጭስና ጊዜ እንደሚበሉት፣ እፍኟም የተለካችው ለደከመ ኮሶ እንደ ሆነ፣ ከእኛ ቤት ቀርቶ ከመንደራችን ሁሉ ያሰበበት ሰው አልነበረም። አባቴ በባዶ ሆዱ ጠጣው፣ ወዲያው አስመለሰው። «ወጣብኝ፣ ድገሚኝ» አላት። ደገመችው።

የዚያን ዕለት አባቴ ሲሞት የማየው መስሎኝ ነበር። ላብ አጠመቀው፣ እግሩ በረዶ ሆነ፣ እናቴ ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሸው ዋለች፣ እኔ ውኃ ይዤ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር፣ ሰው መጥራት አይቻልም፣ የኮሶ ቀን ነውና በሩ ዝግ ነው። በማግስቱ ትንፋሹ ተመለሰ፣ እናቴም ተመስገን አለች። ረፋዱ ላይ ዓይኑን ገልጦ ወደ በሩ ዞረና «ዛሬም ጭጋጉ አልተነሣም እንዴ?» አለ።

ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እግሩ ላይ ተኝታ ነበር። እናቴ እኔን አየችኝ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«አዎ፣ አልተነሣም» አለችው።

አባቴ ትንሽ ቆይቶ እግሩን ሰበሰበ፣ መልሶም ዘረጋው፣ በእጁም የሞቀውን ቦታ ዳሰሰ። «ጭጋግ እንዲህ ይሞቃል፣ ይመናሹ?» አላት። እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዓይን የሌለው ነፍጥ ያዥ ነፍጥ ያዥ አይደለም፣ ነፍጡ ከሄደ መሬቱ ይሄዳል፣ መሬቱ ከሄደ ያ ሁሉ መንገድ የመጣነው ለልመና ነው። ሸዋ የነበረችንን ቁራሽ መሬት አባቴ ለወንድሙ ለቅቆ ስለ ነበር ወደ ኋላ መመለሻም አልነበረንም። ስለዚህ ለማንም እንዳይነገር ተባለ። እኔ ምሥጢር መያዝ የለመድኩ ልጅ አልነበርኩምና አፌን እንዳልከፍት ብዬ ከጎረቤት ልጆች ጋር መጫወት ተውኩ።

ከወንዙ በታች የሰፈረ ደምሴ የሚባል የአባቴ ጓድ ነበር፣ የደረሰው መሬት ውኃ የሚተኛበት ነበርና የእኛን ሲያይ ሳይመኘው አያልፍም። ሊጠይቀን ሲመጣ እናቴ «ኮሶ ጠጥቷል» ብላ መለሰችው። ከቀናት በኋላ ሲመጣም ያንኑ አለችው፣ ሌላ ምን ትበለው? ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ደምሴ አጥሩን ተደግፎ ሳቀና «እቴ ይመናሹ፣ የባልሽ ኮሶ ሸዋ ደርሶ ነው እንዴ የሚመለሰው?» አላት። እሷም አብራው ሳቀች፣ እሱ ከሄደ በኋላ ግን እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ምክንያቱ አልቆባት ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ አዋጅ ተነገረ፤ በጥምቀት ማግስት የጦር አለቃው ከድንጋዮቹ በላይ ባለው ሜዳ ተቀምጦ በአካባቢው ያለውን ነፍጥ ያዥ ሁሉ ሊያይ ነው። ደንቡ የታወቀ ነበር። ስምህ ሲጠራ ብቻህን ከሰልፉ ትወጣለህ፣ ነፍጥህን አንግተህ ሜዳውን ታቋርጣለህ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ከተቀመጠው አለቃ ፊት እጅ ትነሣለህ፣ ትመለሳለህ። ሌላ የሚጠየቅ የለም። አባቴ አዋጁን ከሰማ በኋላ ነፍጡን አውርዶ ሲያገላብጥ ዋለ፣ ከዚያም ጠራኝና «ዘነቡ፣ ቅርጫትሽን ያዢና ድንጋዮቹ ጋ እንሂድ» አለኝ።

ታኅሣሥን ሙሉ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ እንዲህ ነበር ያሳለፍነው። እኔ ለእናቴ ቅጠል የምለቅም፣ አባቴ ነብር እንዳይተናኮለኝ ነፍጡን ይዞ የሚጠብቀኝ መስለን ጧት ጧት እንወጣ ነበር፣ እሱ ሰው ባየን ጊዜ ቀና ብሎ፣ ሰው በሌለ ጊዜ ደግሞ የቅርጫቴን ጆሮ ይዞ ይከተለኝ ነበር። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት፣ አሽኮኮዎች ቋጥኙ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቁልቁል ያዩን ነበር። አባቴ በአፍንጫውና በእግሩ መንገዱን ይማር ነበር። ከበራችን ወጥቶ ጭቁኝ፣ ጭቁኙ ሲያልቅ መወጣጫው ድንጋይ፣ ከዚያ ቀጋው ኩታውን የሚይዝበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያው ወዲያ አስታው ትከሻውን እየነካ እስከ ሜዳው። ቅጠል ቆርጬ አፍንጫው ሥር አደርግለት ነበር፣ «ይህስ?» ስለው አሽትቶ ይነግረኛል፣ ሲሳሳት እኔ ሳልሆን እሱ ነበር የሚናደደው። ዓይን እያለው ፈረስ ከሚበላውና ከማይበላው ሣር በቀር ምንም ለይቶ የማያውቅ ሰው፣ ያን ጊዜ ግን የወንድ ኮሶና የሴት ኮሶ ቅርፊት እንኳ በእጁ የሚለይ መስሎት ይከራከረኝ ነበር። አንዳንዴ ደስ ይለን ነበር ብል አልዋሽም፣ ወዲያው ግን ከአንዱ ቋጥኝ ኋላ ድምፅ ሲሰማ ሁለታችንም እንደርቅ ነበር።

ዋናው ነገር ሜዳው ነበር። በሜዳው ላይ ከሰልፉ መቆሚያ ጀምሮ እስከ ትልቁ ጥድ የሚዘልቅ አንድ ሰፊ የድንጋይ ገበታ ከመሬቱ ጋር እኩል ተነጥፎ ነበር፣ በስስ አፈሩ ላይ ከጦስኝ በቀር የሚበቅል አልነበረም። ግራና ቀኙ ሣር ነው። አባቴ በጦስኙ ላይ ሲሄድ በየእርምጃው ሽታው ይነሣል፣ ወደ ሣሩ ካዘነበለ ይጠፋበታል፣ ቆም ብሎ መልሶ ይይዘዋል። ማንም ሳይይዘው፣ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ጥዱ ደርሶ እጅ ሲነሣ ከኋላው ቆሜ አየሁት። ዓይነ ስውር አይመስልም ነበር። «እናትሽ ጦስኝ ትወዳለች፣ እኔም ዛሬ ወደድኩት» ብሎ ሲስቅ፣ እኔም ጭንቀቴ ያበቃ መሰለኝ።

አንድ ጧት ከመተላለፊያው ስንወጣ ኦቦ ቃሲም ከቋጥኝ ሥር ተቀምጠው ለንብ ቀፎ ማሰሪያ ሐረግ ሲላጩ አገኘናቸው። እኔ አባቴን ላስጠነቅቀው አልደረስኩም። እሳቸው ተነሥተው «ነጋ ቡልታኒ፣ ጎፍታ» ብለው እንደ ወትሮው ሰላምታ ሰጡ፤ ደህና አደሩ ጌታዬ ማለታቸው ነው። አባቴ ድምፁ ከቋጥኙ ነጥሮ አሳስቶት፣ ፊቱን ወደ ኮሶው ዛፍ አዙሮ፣ ለግንዱ ራሱን ነቅንቆ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ኦቦ ቃሲም መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ ግንዱን፣ በመጨረሻም የቅርጫቴን ጆሮ የያዘውን እጅ አዩ። ሐረጋቸውን ሰብስበው ወረዱ።

ያን ቀን ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እናቴ አንድ ነገር ሰጥተን አፉን እናዘጋው አለች፣ አባቴ አስፈራራዋለሁ አለ፣ ነገር ግን ማስፈራሪያው በምን ዓይኑ እንደ ሆነ ለራሱም ስላልገባው ተወው። በማግስቱ ኦቦ ቃሲም ከደምሴ ጋር መንገድ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እናቴ ከአጥሩ ሥር አየቻቸው፣ ከዚያም ኦቦ ቃሲም ጠፉ። ልጃቸውን ስንጠይቅ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዝያራ፣ ሊሳለሙ፣ መሄዳቸውን ነገረን፣ እናቴ ግን አላመነችም። «የት ሼክ ሁሴን! አለቃው ጋ ነው የሄደው» ትል ነበር፣ ውሻ በጮኸ ቁጥርም ነፍጡን ሊወስዱ የመጡ ይመስላት ነበር። እኔ ደግሞ ሰውየው መንገድ ላይ እንዲታመሙ ስጸልይ ሰነበትኩ።

የሰልፉ ቀን ደረሰ። አባቴ ነጭ ለብሶ፣ ጋሻውን ይዞ፣ ነፍጡን አንግቶ፣ እኔ ቅርጫቴን ይዤ፣ እናቴ ከኋላ ሆና በለመድነው መንገድ ወጣን። ጭቁኙ በቦታው ነበር፣ ቀጋውም ኩታውን ያዘ፣ አስታው ላይ ስንደርስ ግን አባቴ ቆመ። ቅርንጫፎቹ የሉም። ለአለቃው ዳስ ተቆርጠው ተወስደዋል። ወደ ሜዳው ስንወጣ ደግሞ የባሰውን አየሁ፤ ነፍጥ ያዦቹ አለቃቸውን ለማክበር ሲሉ ከየድንጋዩ ጦስኙንና ጭቁኙን አጭደው፣ ከሣር ጋር ቀላቅለው፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጎዝጉዘውት ነበር። የድንጋዩ ገበታ የት እንዳለ ዓይን ላለውም አይታይም። ጉዝጓዙ እግር የሚውጥ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ይላል።

አባቴ አፍንጫውን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። «ዘነቡ፣ ምንድን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ነገርኩት። እጄን ሲጨብጠኝ አጥንቴ የሚሰበር መስሎኝ ነበር፣ ግን ሴትና ልጅ ወደ ዳር ተባለና ተለያየን።

ስም መጠራት ተጀመረ። ደምሴ ተጠራ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሲመለስም አባቴን ትክ ብሎ እያየ ቦታውን ያዘ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትነክሰው ነበር። እኔ እንዲዘንብ፣ መሬት እንዲንቀጠቀጥ፣ የአለቃው በቅሎ እንድትደነብር እመኝ ነበር፣ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልሆነም፣ የአባቴ ስም ተጠራ። አባቴ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣና ቆመ። ትንሽ ብቻ ነው የቆመው፣ ለእኛ ግን ዘመን ነበር። ሰዎች ዞር ማለት ጀመሩ።

ያን ጊዜ እህልና ማር ተሸክመው ከመጡት ገባሮች መካከል ኦቦ ቃሲም ተነሡ። ከሼክ ሁሴን የተመለሱበትን ባለ መንታ ጫፍ በትር ይዘው ነበር። እስከ ሰልፉ መጥተው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጎፍታ፣ ጋሻውን እኔ ልያዝልዎት» አሉ። ጌታ ጋሻውን ሰው ተሸክሞለት መቅረቡ ክብር እንጂ ነውር አልነበረም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ጋሻውን ከአባቴ እጅ ተቀብለው ቀድመው ሄዱ፣ በበትራቸው ጉዝጓዙን እየወጉ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ቋ፣ ቋ እያደረጉት ነበር። አባቴ ድምፁን ተከተለ። ከጥዱ ዘንድ ሲደርሱ ኦቦ ቃሲም ወደ ጎን ብለው ቆሙ፣ በትሩም ዝም አለ፣ አባቴ እዚያው እጅ ነሣ። አለቃው አንድ ነገር አለው፣ አባቴም መለሰለት፣ ተሳሳቁም። ከዚያ በትሩ እንደገና ቋ፣ ቋ እያለ ይዞት ተመለሰ። ደምሴ ምራቁን ዋጠ።

በበልግ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ የአባቴ ዓይን ከዳር ከዳሩ ተመለሰ። ፊት ለፊት ያለው ነገር እስኪሞት ድረስ በጭጋግ እንደ ተሸፈነ ቢቀርም፣ ጎኑን አዙሮ ሰው መለየት ችሎ ነበር፣ ሰዉም ኩሩ ሆኖ አንገቱን ያዞረ ይመስለው ነበር። መሬቱም ከእጃችን ሳይወጣ ቀረ።

ግን ከዚያ በፊት፣ የሰልፉ ሳምንት ሳያልቅ፣ እናቴ አዲስ ኩታ አጥፋ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንጨት ሊያወርዱ የመጡትን ኦቦ ቃሲምን ደጅ ላይ አገኘቻቸው። በአንደበቷ አመሰግናለሁ ማለት አቅቷት ኩታውን ብቻ ዘረጋችላቸው። ኦቦ ቃሲም አላነሡትም። የእኛን ቋንቋ ከምናስበው በላይ ያውቁት እንደ ነበር የተረዳነው ያኔ ነው።

«ለኪ፣ እሜቴ፣ አይሆንም» አሉ፣ ለኪ በቋንቋቸው እንቢ ማለት ነው። «ደምሴ መንገድ ላይ አቁሞ ጠየቀኝ፣ አላየሁም አልኩት። ጎፍታ ቢሄድ ለእኔ መሬቱን አይመልሱልኝም፣ ደምሴን ነው የሚያመጡብኝ። ጎፍታን አውቀነዋል። ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲጠግብ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። አዲስ ሰው መልመድ ደክሞናል።»

እንጨቱን አውርደው፣ ገመዳቸውን ጠቅልለው፣ ለእኔ «ኢንታላ፣ ነጋቲ» ብለው፣ ልጄ ደህና ሁኚ ማለታቸው ነው፣ ወጡ። እናቴ ኩታውን እንደ ያዘች ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደምሴ ይልቅ እሳቸውን ትፈራቸው ነበር። አባቴ ነገሩን ስትነግረው «ከእንግዲህ እንጨት አያምጣ» አለ። እንጨቱ ቀረ። እህሉ ግን እንደ ወትሮው ይሰፈር ነበር፣ እሱን ተው ያለ ከእኛ ወገን አልነበረም።

አሁን ሁሉም ሞተው አልቀዋል። ድንጋያማው ስፍራ እንዳለ ነው፤ ማረሻ የማይገባው ስለ ሆነ የተመኘውም አልነበረም፣ ቀጋውም አስታውም መልሰው አቆጥቁጠው፣ የዛሬ ልጆች ጦስኝ ሊለቅሙ ሲወጡ እየተጯጯሁ፣ እየዘፈኑ፣ ማንም እንዳያየኝ ሳይሉ ነው። የኦቦ ቃሲም የልጅ ልጆችና የእኔ የልጅ ልጆች አንድ ሰፈር ያድጋሉ፣ በሁለቱም ቋንቋ ይሰዳደባሉ። እኔ ስቀመጥ የማስበው ያን በጋ ነው። ያን ያህል ስንጨነቅ፣ በልጅነቴ ከእኛ የከፋ ጭንቀት ያለበት ቤት ያለ አይመስለኝም ነበር፣ ኦቦ ቃሲምም ያን የመሰለውን ፍርሃታችንን እንዴት በአንድ እይታ እንደ ተረዱት ይገርመኝ ነበር። ዛሬ አይገርመኝም። መሬቱ ከእጃችን ቢወጣ ብለን ሌት ተቀን የፈራነው ነገር በእሳቸው ላይ ደርሶ ነበር፣ ያደረሰውም ሰው ያን ቀን በትራቸውን እየሰማ ከኋላቸው የሄደው አባቴ ነው።